የታላቅየው ወንድም ቁመት

ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ቢሆን የእኔ አጥንት እስካሁን ዱቄት በሆነ ነበር። ይኸው ግን ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመለሳለሁ፤ ጥርሴም ቆሎ አይመርጥም። ስለዚህ ቅናት ጎዳኝ ብዬ አላማርርም። የማማርረው በአንድ ሸማኔ ነው። ጣሊያን ሶዶ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወደ ቤታችን መጥቶ አባቴን የወሰደብኝ እሱ ነው።

አባቴ ሠዓሊ ነበር። ከሰሜን ከሹማምንቱ ጋር ነው የመጣው፤ ጠመንጃ ግን አልያዘም፣ ብሩሽና የቀለም ከረጢት እንጂ። ሶዶ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሥዕሉን እንዲሥል ተጠራ፤ መጣ፤ እናቴን አገባ፤ በዚያው ቀረ። እናቴ እኔን በልጅነቴ ጥላኝ ስትሞት ሌላ ሚስት አላገባም። እኔም ባል አላገባሁም። የጠየቁኝ ነበሩ። «አባቴን ማን ያየዋል?» እያልኩ መለስኳቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። የእኛ ቤት ቀለም የሚፈጭበት ቤት ነው፤ ከዚያ ወጥቼ ሰው ቤት በርበሬ ስፈጭ መኖር አልፈለግሁም። ጎረቤቶች «ቆማ ቀረች» እያሉ ሲያሙኝ እሰማለሁ፤ ሰምቼም ቀለሜን እፈጫለሁ።

አባቴ ግድግዳው ላይ ወጥቶ አይሥልም ነበር። ቤቱ ተቀምጦ ወለል ላይ በተዘረጋ አቡጀዴ ላይ ይሥልና፣ ሥዕሉ ሲደርቅ ተጠቅልሎ ተወስዶ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሙጫውን በአገሩ ከስንዴ ዱቄት ነበር የሚሠሩት፤ እዚህ ከመጣ በኋላ ቡላ በቀጭኑ ሲፈላ ከስንዴው የበለጠ እንደሚይዝ እናቴ አሳየችው። ይህ አሠራር ለእኔ ትልቅ ዕድል ነበር። ሴት ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ የመቅደስ ግድግዳ እንድትቀባ ማንም አይፈቅድላትም፤ በቤቷ ወለል ላይ ተንበርክካ የመልአክ ክንፍ ብትቀባ ግን ማን ያያታል? ክንፉን፣ ሰማዩን፣ የከብቶቹን ዓይን አብዛኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ አያውቅም። አባቴ ያውቃል፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የተያዘው ሥራ ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ታሪክ ነበር። አባቴ አቡጀዴውን በቀይ መስመር ከፋፍሎ ታሪኩን ከቤት ወደ ቤት ያስኬደዋል፤ «ቤት» የሚላቸው እነዚያን አራት ማዕዘን ክፍሎች ነው። በአንዱ ቤት ታናሽየው ልጅ ድርሻውን ይቀበላል፤ በሚቀጥለው ከጓደኞቹ ጋር ይጠጣል፤ ከዚያ ዐሣማ ይጠብቃል፤ ከዚያ ተመልሶ ከአባቱ እግር ሥር ይወድቃል፤ ከዚያ ለመመለሱ ይደገስለታል። በመጨረሻው ቤት ታላቅ ወንድሙ ከእርሻ መጥቶ፣ የዘፈኑን ድምፅ ሰምቶ፣ አልገባም ብሎ ደጅ ይቆማል።

እንዲህ ባለ ሥዕል አስቸጋሪው ነገር ቁመት ነው። ያው ሰው ከቤት ቤት ይመላለሳል፤ በአንዱ ካደገ፣ በሌላው ካጠረ፣ የሚያየው ሰው «ይህ ደግሞ ማነው?» ይላል። ስለዚህ አባቴ ሰንበሌጥ ነበረው። ለእያንዳንዱ ሰው በቁመቱ ልክ አንድ ሰንበሌጥ ይቆርጥና አገጩ፣ መታጠቂያውና ጉልበቱ የሚውሉበትን በጥፍሩ ምልክት ያደርጋል። በእኛ ሥዕል የከበረ ሰው ትልቅ ነው። የአባትየው ሰንበሌጥ ረጅም፣ የልጆቹ አጠር ያለ፣ የአሽከሮቹ ደግሞ የጣት ያህል ነበር። ሰንበሌጡን የያዘ ሰው የሥራው ባለቤት ነው ማለት ነው።

እኔ ሰው ስሥል ያድግብኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ክንፍ ልኩን ይጠብቅልኛል፣ በሬም ይጠብቅልኛል፤ ሰው ግን በሰንበሌጡ ለክቼ ጀምሬው እንኳ ትከሻው ላይ ስደርስ ይሰፋል፣ አንገቱ ይረዝማል። አንድ ጊዜ አባቴ እስቲ ሞክሪ ብሎ ታናሹን ልጅ ሰጠኝ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በሚጠጣበት ቤት ደህና ነበር፤ ዐሣማ የሚጠብቅበት ቤት ሲደርስ፣ በረሃብ ሊሞት የተቃረበው ሰው፣ ከመጠጡ ቤት ይልቅ ወፍሮ ተገኘ። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ይህ ልጅ የዐሣማዎቹን ምግብ ሳይሆን ዐሣማዎቹን ራሳቸውን ነው የበላው አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሰንበሌጡን ግን ከእጄ ወስዶ ሰቀለው።

የዚያን ጊዜ የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ዓይን ሲሥል ብሩሹን የያዘውን እጁን በሌላው እጁ ይደግፋል። ሥራውን የሚጨርስልኝ፣ ከእኔም በኋላ የሚይዝልኝ እጅ እፈልጋለሁ ማለት አበዛ። በየቀኑ ከጎኑ ተንበርክኬ ያለሁት እኔ ነኝና የሚናገረው ስለ እኔ እጅ መሰለኝ። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚሰማው።

አንድ የገበያ ቀን አባቴ አቡጀዴ ሊገዛ ወጥቶ ሸማኔ ይዞ ተመለሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሶዶ ገበያ ላይ አንድ ነጠላ አንሥቶ ጥለቱን ያያል። በጥለቱ ላይ ትንንሽ አበባ ተሠርቶበታል፤ አበባው ከዳር እስከ ዳር አንድም ቦታ አልሰፋም፣ አልጠበበም። አባቴ ነጠላውን ሲያገላብጥ ገበያው ሊበተን ደረሰ ይላሉ። ማን ሠራው ቢል ሻጩ ራሱ ነው። ከአረካ በኩል የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ ወንድ። አባቴ ሥዕል ላስተምርህ አለው። እሱም እሺ አለ። እንዲህ በቀላሉ! እኔ ያን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ።

አማርኛው የገበያ አማርኛ ነበር። አባቴን «የኔታ» ይላል። እኔን «እትዬ» ብሎ በአክብሮት ይጀምርና «አንተ» ብሎ ይጨርሰዋል። አባቴ ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይፈታል። እኔ ግን እልሄ ይነሣል። ሥራውን ከወሰደ ወዲያ ሴትነቴን ደግሞ ለምን ይተውልኛል እል ነበር።

በመጣ በሳምንቱ አባቴ ሰንበሌጦቹን አውርዶ ሰጠው። እኔ ዓመታት የፈጀብኝን በሳምንት። ያን ቀን የምፈጨው ጥቁር ጥላሸት ነበር፤ ድንጋዩ እስኪሞቅ ፈጨሁት። የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሸማኔው ሰንበሌጦቹን ለአባቴ መለሰለት፤ አያስፈልጉኝም አለ። አባቴ አላመነውም። ታናሹን ልጅ በሦስት ቤት አሠርቶ በኋላ ለካው፤ ልጁ በሦስቱም ቤት አንድ ልክ ነበር። አባቴ ሰንበሌጡን ደጋግሞ እያስጠጋ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ እንደገና ለካው። የእኔን ሥራ ያን ያህል ደጋግሞ አይቶ አያውቅም።

እንዴት እንደሚያደርገው ካልጠየቅሁት እንቅልፍ እንደማላገኝ ስለገባኝ ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ እኔ ሰውየውን አላይም» አለ። «ከራሱ በላይ የቀረውን ባዶ ነው የማይ። ባዶው ልክ ከሆነ፣ ሰው ልክ ነው። ሽመና እንደሱ ነው። አንተ ሰውየውን ብቻ ታያለህ፤ ስለዚህ ይበላል።»

ስለዚህ ይበላል! አባቴ የዐሣማውን ቀልድ ነግሮታል ማለት ነው። በእኔና በአባቴ መካከል የነበረችውን አንዷን ሳቅ እንኳ ተካፍለዋታል። ምክሩ ልክ እንደነበረ ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

መስቀል መጣ። ወላይታ ውስጥ መስቀል ቀልድ አይደለም፤ ድሃውም ሀብታሙም በሬ ተቃርጦ ሥጋና ዳጣ የሚጠግብበት ነው። አባቴ ቢላዋውን ይዞ ከሻኛው መጀመሪያ የቆረጠውን ለሸማኔው አጎረሰው። ያ ጉርሻ እናቴ ከሞተች ጀምሮ የእኔ ነበር። ሁለተኛው ለእኔ ደረሰኝ። ከአንዱ ሻኛ የተቆረጠ ሁለት ቁራጭ ምን ልዩነት አለው ትሉኝ ይሆናል። የቀና ሰው ያውቀዋል።

ከመስቀል በኋላ የመጨረሻው ቤት ብቻ ቀረ፤ ታላቅ ወንድም ደጅ የቆመበት። አባቴ ለሸማኔው እንዴት እንደሚሥለው ሲነግረው እኔ ቀለም እየበጠበጥሁ እሰማለሁ። በእኛ ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይን ያያል፤ ክፉ ሰው ወደ ጎን ይዞርና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አባቴ ታላቅየውን ጥግ ላይ አሳንሰህ፣ በአንድ ዓይን ሥራው አለ።

የምበጠብጠውን አስቀመጥኩ። ምን አጠፋ ብዬ ጠየቅሁ። አባቴ ቀናዋ፣ አለ። ለወንድሙ መመለስ ያልተደሰተ ሰው ነው። እኔም፣ አባዬ፣ ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ነው፤ ያኛው ገንዘቡን አባክኖ ሲመጣ ጥጃ ታረደለት፣ ለዚህ አንዲት ጠቦት አልታረደችለትም፤ እና ዓይኑን የምታወጣው በምን ጥፋቱ ነው አልኩት። ሸማኔው ብሩሹን ይዞ አንዴ አባቴን አንዴ እኔን ያያል። አባቴም አየኝ፤ ስለ ሥዕሉ ብቻ እንዳልሆነ የገባው ይመስለኛል። ግን ለሸማኔው «እንዳልኩህ» አለው፤ ለእኔ ደግሞ ቢጫው ቀጥኗል አለኝ።

ነገሩ ግን እንዳለው አልሆነም። በማግሥቱ ከአረካ መልእክት መጣ፤ የሸማኔው አጎት ሞተዋል። እሱ ወደ ለቅሶው ሄደ። አባቴም ቆላ ወርዶ ያመጣው ወባ ተነሥቶበት በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ተኛ። ሥዕሉ የሚገለጥበት ንግሥ ደርሷል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ሰው እየላኩ ሥዕሉ የታለ ይላሉ። ያ ባዶ ቤት ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ያየኛል። ቀለሙ ተበጥብጧል። ከእኔ በቀር ማን አለ?

ሰንበሌጡን አልነካሁም። ሳላስበው አደገብኝ አልልም፤ በዚያች ቀን የሠራሁትን እያንዳንዷን መስመር አስቤ ነው የሠራሁት። ታላቅየውን ወንድም በቤቱ መካከል አቆምኩት። ፊቱን ወደ እኛ መለስኩት፤ ሁለቱንም ዓይን ሰጠሁት፤ ዓይኖቹንም እንደ መልአክ ዓይን ከበብ አድርጌ፣ ቅንድባቸውን በቀጭን ብሩሽ አወጣሁ። ከኋላው እንሰት ተከልኩለት። በትከሻው ላይ እዚህ አገር የሚቆፍሩበትን ባለ ሁለት ጥርስ ዶማ አሸከምኩት፤ ሠራተኛ መሆኑን ማንም እንዳይስት። ለጋቢው ጥለት ከቀዩ ጋር ጥቂት ጥቁር ቀላቅዬ ደህና አድርጎ የበሰለ ቀለም አወጣሁ። ራሱ የላይኛውን መስመር ሊነካ ሲደርስ ቆምኩ። በሩ ላይ ቆሞ ግባ እያለ የሚለምነው አባቱ ደረቱ ድረስ ነው የሚመጣለት። እንዲህ ያማረ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሠርቼ አላውቅም።

ሸማኔው ለንግሡ ዋዜማ ደርሶ ከዲያቆናቱ ጋር አቡጀዴውን ለጠፈ። ያን ሰው አይቶ ምን እንዳለ አላውቅም። አባቴ በንግሡ ዕለት ጋቢ ተከናንቦ መጣና መጋረጃው ሲገለጥ አየው። ቤት ስንመለስ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ዓይኖቹን ጥሩ አድርገሻቸዋል ብቻ አለኝ። ያን ዕለት ደስታ የምለው ነገር ምን እንደሚመስል አወቅሁ፤ የሸማኔውን ፊት ለማየት ዞር ብል የለም፣ ውጪ የቡላ ድስቱን ያጥባል።

ደስታዬን ያበላሹት ሴቶቹ ናቸው። ያ ሥዕል በሴቶች በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነበር። ሕዝባችን ደግሞ ትልቅ ሆኖ የተሣለ ሰው የከበረ ነው ብሎ ነው ያደገው፤ በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ጥቂት ነው። ሴቶቹ ዶማ የያዘውን ረጅሙን፣ ዓይናማውን ሰው ሲያዩ ምሕረት የሚያደርገው አባት እሱ መሰላቸው። በሩ ላይ ቆሞ እጁን የዘረጋው አጭሩ ሽማግሌ ደግሞ ተመላሹ ልጅ መሆን አለበት፤ ይኸው ይለምናልና። ከታላቅየው እግር ሥር ግድግዳውን መሳለም ጀመሩ። ጧፍ አበሩለት። አንዲት ሴት ከቦምቤ ድረስ ተስላ፣ ስለቷ ደርሶላት፣ «ለረጅሙ አባት» ብላ ጃንጥላ ይዛ መጣች።

ገበዙ ወደ ቤታችን ሲመጡ ምርኩዛቸው ከእሳቸው ቀድሞ ይደርስ ነበር። «ለቀናተኛ ጃንጥላ ገባለት!» አሉ አባቴን። «አንድ ዓይኑን አጥፋና ቁመቱን ቁረጥልኝ፤ አለዚያ ሌላ ሠዓሊ አመጣለሁ።» በልቤ፣ ለዚያ ሰው በዘመኑ የመጣለት ስጦታ ያቺ ጃንጥላ ብቻ ናት እያልኩ ነበር። አባቴ ሁሉንም ሰምቶ እሺ አለ።

እኔ ልቁረጠው አልኩ። የእኔ ሰው ነው፤ መሞት ካለበት በእጄ ይሙት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። አቡጀዴው ተለጥፏል፤ ከእንግዲህ መሰላል ላይ ተወጥቶ ነው የሚሠራው። እሱ በሚንቀጠቀጥ እጁ አይችልም፤ እኔን ደግሞ ማን ያስገባኛል? ስለዚህ ያው ሸማኔ። የእኔን ሰው እንዲፍቅ ብሩሹን አባቴ ራሱ አጥቦ ሰጠው። ሸማኔው ወደ እኔ መጥቶ የጥለቱን ቀይ በምን እንደቀላቀልሁት ጠየቀኝ። ፈልገህ አግኝ አልኩት። አላስጨነቀኝም፤ ትቶኝ ሄደ።

ሥራውን እስኪጨርስ መጋረጃው ተዘግቶ ሰነበተ። ያን ሰሞን ምግብ እየሠራሁ እንኳ የብሩሹ ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ዓይኑን፣ አሁን ትከሻውን እያልኩ። በሰንበት ላለማየት ወስኜ ሄድሁ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ግን ቀድሜ ቀና ያልሁት እኔ ነኝ።

ታላቅየው ወንድም እንዳለ ነው። ሁለት ዓይኑ፣ ዶማው፣ ቁመቱ፣ ጥለቱ፤ አንድ ጠጉር አልጎደለበትም። ያደገው አባትየው ነው። ሸማኔው ሽማግሌውን ከበሩ አውጥቶ ወደ ልጁ አስጠግቶታል፤ አሳድጎት አሳድጎት ቤቱ አልበቃው ሲል፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማንም እንዳይነካው ይጠብቀው የነበረውን ቀይ መስመር አሻግሮ፣ የአባትየውን ጥምጥም በላይኛው ቤት ውስጥ፣ ድግሱ ላይ አስገብቶታል። ያ ትልቅ ሰው ከድግሱ ጎንበስ ብሎ እጁን በእኔ ሰው ትከሻ ላይ አድርጓል። ልጁ ከእጁ ሥር ቁመቱን ሳያጣ አንሷል። አጠገቤ የነበረች አሮጊት፣ ውይ አባትየው ወጣለት፣ ብላ እንባዋን ጠረገች። ማን አባት፣ ማን ልጅ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ሰው የለም።

እኔም አየሁት። ከእኔ ይሻላል። እኔ ያን ሰው ለማክበር ሌላውን ሁሉ አሳንሼ ነበር፤ እሱ ማንንም ሳያሳንስ ሠራው። ቢያንስ አስቀያሚ አድርጎት ቢሆን ኖሮ!

ከቅዳሴ በኋላ አባቴ በደጀ ሰላሙ ሸማኔውን አቀፈው። ሕዝብ እየሰማ «ልጄ» አለው፤ ከገሱባ ለተጠራሁበት ቤተ ክርስቲያንም ሥራውን አንተ ትይዛለህ፣ እኔ ተቀምጬ አይሃለሁ አለው። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለ። እኔም አልኩ። ሰው አፉን እንደ ሌላ ሰው አፍ ማዘዝ ይችላል።

ለገሱባ ዕቃቸውን በጭነት ሲያሰናዱ ቀለሞቹን በየከረጢቱ የቋጠርሁላቸው እኔ ነኝ። ሸማኔው ሊወጣ ሲል ከበሩ ተመለሰና አጠገቤ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፍር አየሁት።

«እትዬ» አለኝ፣ «ያንተን ሰውዬ አልነካሁትም።»

የቋጠርሁትን ከረጢት አቀበልኩት። ምን ብዬ ልንገረው? ፍቆት ቢሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ በሰላም እጠላው ነበር።